የእመት ጦጢት መድኃኒትና የሸረሪት ሒሳብ

ተረት ተረት። «የላም በረት» ያላችሁ ይበቃችኋል፤ ወሬው ረጅም ነው።

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በሸኮ በኩል ቴፒ የሚገባውን መንገድ ለቅቃችሁ ወደ ጫካው ብትዘልቁ፣ አራዊት የሚሸማገሉበት አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ነበር። ሥሩ ኮረሪማና ጥምዝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ያልተከለው ቡና። ቡናው የሁሉም ነበር። ወፎች ቀዩን ፍሬ ይለቅማሉ፣ ንቦች አበባውን ይቀስማሉ፣ የቀረውን እመት ጦጢት ሰብስባ መንገድ ዳር ታወጣና በጨው ትለውጣለች። ለዳኛው ለጎሽ ጨው ማለት ነፍሱ ነው። ስለዚህ በእመት ጦጢት ንግድ ላይ ብዙ አይጠይቅም፤ ጨው ከሚልስ ዳኛም ብዙ አይጠበቅም።

አንድ ዓመት ቡናው ላይ ጥንዚዛ ገባ። ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ጥቁር ፍጥረት ናት። እንስቷ ፍሬውን በእምብርቱ በኩል በስታ ትገባና እንቁላሏን ውስጥ ትጥላለች፤ ልጆቿም እዚያው ተወልደው፣ እዚያው በልተው፣ ወንድምና እኅት እዚያው ተጋብተው ይከርማሉ። ጉንዳኖች ቀድመው አይተዋት ነበር፤ ተናግረውም ነበር። ያን ጊዜ ጉባኤ አልተጠራም። ጉባኤ የተጠራው ቡናው ሚዛን ላይ ቀልሎ ጨው ሲያንስ ነው።

እመት ጦጢት ባዶ እጇን አልመጣችም። ቡና ከምትይዝበት ጆንያ ውስጥ አንድ ጠርሙስ አወጣች። የተለጠፈበት ወረቀት ግማሹ ተልጧል፤ በቀረው ግማሽ ላይ ያለውን ፊደል ደግሞ ከጉባኤው ማንም አያነበውም።

«መድኃኒት ነው» አለች። «አንዴ ከተረጨ ጥንዚዛ የሚባል ነገር አይኖርም።»

«ማን ቀምሶታል?» አለ ጎሽ።

ዐይን ሁሉ ወደ አይጥ ዞረ። የኖረ ልማድ ነው። እንግሊዛዊው ትሬቫን እ.ኤ.አ. በ1927 የመርዝን ኃይል «ከተሰጣቸው መካከል ግማሾቹን የሚገድለው ስንት ነው?» ብሎ መለካትን ካስተማረ ወዲህ፣ የመርዝ ሚዛን የአይጥ ሬሳ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፀረ ተባዮችን በአደገኛነታቸው ደረጃ ሲያወጣላቸው እንኳ ዋና መነሻው አይጥን የሚገድለው መጠን ነው።

አይጥ ከጉቶው ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌቶቼ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሁልጊዜ እኔ የምቀምሰው ሆዴ የእናንተን ሆድ ስለሚመስል ነው ወይስ ከሳሽ ስለሌለኝ?»

ጉባኤው ሳቀ። መልስ የሰጠው ግን የለም።

«እንግዲያው ሳይቀመስ የምታውቅ አለች» አለ አይጥ። «ሸረሪትን ጥሩ።»

ሸረሪት ጫካ ውስጥ አልተወለደችም። ልጅነቷን ያሳለፈችው በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ፣ ቴፒ ግቢ፣ ኬሚስትሪ ከሚማሩበት ክፍል ጣሪያ ጥግ ላይ ነው። ተማሪዎቹ ፈተናው ሲያልፍ የረሱትን እሷ ከላይ ሆና አልረሳችውም። ኮርዊን ሃንሽ የሚባል የካሊፎርኒያ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1962 የዕፅዋትን ዕድገት የሚያዛቡ ውሕዶችን ይዞ (ገበሬው ቱ ፎር ዲ የሚለው የአረም ማጥፊያ የእነሱ ዘመድ ነው) የአንድ ውሕድ ኃይል ከኤሌክትሪክ ጉተታውና ዘይት ከመውደዱ በሒሳብ ሊገመት እንደሚችል ማሳየቱን ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ሒሳቡ ወደ ኮምፒዩተር ገብቶ፣ ትልልቅ ሞለኪውሎች እንዴት እንደሚላወሱ የሚያሳዩትን ሞዴሎች የሠሩ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2013 የኬሚስትሪ ኖቤል መውሰዳቸውንም ታውቃለች። እሷ ኮምፒዩተር የላትም። ድር አላት።

«ይህ ጠርሙስ ይነክሳል?» ብላ ጠየቀቻት እመት ጦጢት። ሸረሪት ሌሊቱን ሠራች። መኻል ላይ አንድ የጤዛ ጠብታ ሰቀለች፤ ፎስፈረስ ነው። ከእሱ አራት አቅጣጫ ክር አወጣች። በአንደኛው፣ ክሩን ደርባ፣ ድኝ አንጠለጠለች። በሁለቱ ላይ ኦክስጅን እያስያዘች አጫጭር የካርቦን ጅራት ዘረጋች። በአራተኛው ከኦክስጅኑ ቀጥላ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀለበት ፈተለች፤ አምስቱ ማዕዘን ካርቦን፣ አንዱ ናይትሮጅን፣ ከዳሩ ደግሞ ሦስት ክሎሪን። ክሎርፓይሪፎስ ይሉታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን አላድስም ያለው፣ በ2025 ደግሞ የስቶክሆልም ስምምነት አባል አገሮች ለጥቂት አገልግሎቶች ብቻ ጊዜ ሰጥተው ከሚወገዱት ተርታ ያስገቡት ነው። ጫካው ውስጥ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። ጠርሙስ ካገር አገር ይሻገራል፤ ወሬው ወደ ኋላ ይቀራል።

ቀጥላ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ የሚነከሰውን ሠራች። እሱ በንብም፣ በዓሣም፣ በጎሽም፣ ቡና በምትለቅመው ሴትም ነርቭ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ነው። አንዱ ነርቭ «ተነሥ!» ብሎ የላከውን መልእክተኛ፣ አሴቲልኮሊንን፣ መልእክቱ እንደደረሰ የሚያጠፋው እሱ ነው። እሱ ከተያዘ መልእክተኛው አይጠፋም። ጡንቻው ተነሥ፣ ተነሥ፣ ተነሥ እየተባለ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ መተንፈስም ይሳነዋል። ኢንዛይሙ መኻሉ ላይ ጠባብ ገደል አለው፤ ሥራው የሚሠራው ከገደሉ ሥር ነው። ሸረሪት ያንን ባለ ሦስት ክሎሪን ቅርጽ በክር እየጎተተች ወደ ገደሉ አወረደችው። በጅራቱ ሞከረችው። በቀለበቱ ሞከረችው። አጋድማ ሞከረችው። በያንዳንዱ ሙከራ ላይ ስምንት እግሯን ክሩ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች፤ ድር የምትሠራ ሸረሪት ዐይኗ ደካማ ስለሆነ የምታውቀው በክሩ መርገብገብ ነው።

ሊነጋ ሲል ድምጿን አሰማች።

«ጠርሙሱ ውስጥ ያለው፣ እንዳለ ከሆነ፣ አጥብቆ አይነክስም። ድኙ ጥርሱን አደንዞታል። ነገር ግን…»

«ሰማችሁ!» አለች እመት ጦጢት። «አይነክስም!»

ጸሐፊው ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን ደርቦ ተቀምጦ ነበር። «አይነክስም» ብሎ ጻፈ። ጎሽ ኮቴውን ጭቃ አስነክሮ ማኅተም መታበት።

«ገና ሁለት ክር ይቀረኛል» አለች ሸረሪት።

«በአባሪ ይቅረብ» አለ ጉሬዛ።

እሷም ሁለቱን ክር ጨርሳ በአባሪ አቀረበች።

መድኃኒቱ የተረጨው የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ በለበሰበት ሰሞን ነው። ሌላ ጊዜ ይሁን ያለ ነበር፤ እመት ጦጢት ግን ነጋዴው ቸኩሏል አለች። ንቦቹ አበባው ላይ ነበሩ። በማግስቱ ከቀፎው አፍ ላይ ምላሳቸውን ዘርግተው እየተሽከረከሩ ይወድቁ ጀመር። የቀሩት ወደ ውስጥ ገብተው ማር ሊሠሩ ሞከሩ። ሌላ ዝናብ ጣለና ከተዳፋቱ የታጠበው ውኃ ጋቸብ ወንዝ ገባ፤ ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አዞረ።

አሁን ጉባኤ ለመጥራት ጨው እስኪጎድል አልተጠበቀም። ማን ይከሰስ የሚለው ጥያቄም ጊዜ አልወሰደም። የተከሰሰችው ሸረሪት ናት።

«አይነክስም ብለሻል» አለ ጎሽ። «መዝገብ ላይ ሰፍሯል።»

«እንዳለ ከሆነ አይነክስም ብያለሁ፤ አሁንም አይነክስም» አለች። «ግን አካል ውስጥ የገባ ነገር እንዳለ አይቀመጥም። ሁለተኛው ክሬ ይህ ነበር። ጉበት ባዕድ ነገር ሲመጣበት አጥቦ ለማስወጣት ይጥራል፤ ይህንን ሲያገኘው ድኙን ነቅሎ በምትኩ ኦክስጅን ይሰካበታል። ለደኅና አስቦ ጥርሱን ይሞርድለታል ማለት ነው። ያ የተሞረደው ከገደሉ ሥር ነክሶ አይለቅም። ንብም ጉበት ባይኖራት ይህን ሥራ የሚሠራ ኢንዛይም አላት።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው የት እንደሚያድር ነው። ይህ ነገር ከውኃ ይልቅ ዘይት ውስጥ መግባትን ከ10 ሺህ እጥፍ በላይ ይመርጣል። እንግዲህ ቀፎ ውስጥ ውኃ የሚጠላ፣ ዘይት የሚመስል ምን አለ?»

ንብ አንገቷን ደፋች። «ሰሙ» አለች። «ልጆቻችንን የምናሳድግበት ሰም።»

«አባሪው ላይ ጽፌዋለሁ» አለች ሸረሪት። «ማን አነበበው?»

ጎሽ ወደ ጉሬዛ ዞረ። ጉሬዛ ካባውን አስተካከለ። «አባሪ አይነበብም፤ ይያያዛል» አለ። አልዋሸም። ቢሮ የገባ ሰው ይመሰክርለታል።

ከዝዋይ ሐይቅ ተሰድዶ የመጣ ዓሣ አዳኝ ንስር ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ይሰማ ነበርና ጣልቃ ገባ። «የእኛም ነገር እንዲህ ነበር» አለ። «ፓውል ሙለር ዲዲቲ ተባይ እንደሚገድል ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ በ1948 ኖቤል ተሸለመበት። ለወባ በየቤቱ ግድግዳ ተረጨ፤ ከኔ ሐይቅ ብዙ በማይርቀው አዳሚ ቱሉ ፋብሪካም ተሠራ። ሰው ያተረፈ ነገር ነው፤ እሱን አልክድም። አካል ውስጥ ገብቶ የሚወልደው ዲዲኢ ግን ወደ ስብ ገብቶ ዓመታት ይቀመጣል፤ ከዓሣ ወደ ዓሣ በሊታ ሲሻገር እየበዛ ይሄዳል። ዕንቁላላችን ላይ ስንቀመጥ ቅርፊቱ ሳስቶ ከሥራችን ይሰበራል። እናቲቱን ብቻ የመዘነ ልጅቱን ከየት ያገኛታል?»

ነገሩ ከበደ። ጎሽ ግን ከስሕተቱ ጋር አብሮ ማደር የማይወድ ዳኛ ነውና ድሯ ይበጠስ ብሎ ሊፈርድ ቃሉን ጀምሮ ነበር። ያስቆመው ከሥሩ ያለ ጉንዳን ነው።

«ጌታዬ፣ ጥንዚዛዋስ?» አለ።

ሁሉም ዝም። ጥንዚዛዋን ረስተዋታል።

«ደኅና ናት» አለ ጉንዳን። «ካለፈው ዓመት ደርቆ ዛፉ ላይ በቀረው ፍሬ ውስጥ ነበረች። መድኃኒቱ ልጣጩ ላይ ቀረ። ልጆቿም አድገዋል። ያን ጊዜም ነግሬያችሁ ነበር፤ ዛፍ ላይ የቀረውንና መሬት የረገፈውን ፍሬ አንድ በአንድ ለቅሞ ማውጣት ነው፤ ማደሪያ ታጣለች።»

«እሱማ ሥራ ነው» አለች እመት ጦጢት።

ይህን ጊዜ አይጥ እንደገና ጉቶው ላይ ወጣ። «ሸረሪት የተጠየቀችውን መለሰች» አለ። «የጠየቃት ማን ነው? እመት ጦጢት። የጠየቀችውስ ምንድን ነው? ‹ይህ ጠርሙስ ይነክሳል?› ነው። ‹ይህ ነገር የንብን ቤት ምን ያደርገዋል?› ብሎ የጠየቀ የለም፤ ‹ጥንዚዛዋ ጋ ይደርሳል?› ያለም የለም። መድኃኒቱ የሚረጭበት ዝም ብሎ፣ የምትሸጠው ስትጠይቅ፣ መልሱ ለማን እንዲመች ፈልጋችሁ ነበር? ከእንግዲህ የሚረጭበት ይጠይቅ።»

ጎሽ ይህን የተቀበለው አምኖበት አይመስለኝም። ደክሞት ነው። ያም ሆኖ ተቀበለ።

በሚቀጥለው ዓመት እመት ጦጢት ሌላ ጠርሙስ ይዛ መጣች፤ አሁን ወረቀቱ ያልተላጠ፣ ማኅተም ያለበት። ጉሬዛም የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002ን ይዞ ቀረበ፤ ያልተመዘገበ አይሸጥም አለ፤ ይህ ተመዝግቧል አለ። ሸረሪት ሦስቱንም ክር ለመዘርጋት ጊዜ ጠየቀችና ተሰጣት። ከዚያ በፊት ግን የሚጠይቁ ጠየቁ፤ እንዲህ ያለ ጉባኤ በዚያ ጫካ ታይቶ አይታወቅም።

ንብ ጀመረች። «ሒሳብሽ ውስጥ ያለችው ንብ የት አገር ናት?»

«ቁጥሯን ያገኘሁላት የፈረንጅ አገር ንብ ናት» አለች ሸረሪት።

«እኔ ነኝ ታዲያ?»

«አይደለሽም። ዘመድሽ ናት። ዘሯ ከዘርሽ ጋር ቢዳቀል ይወልዳል። መርዝ የምትችለው ግን አንቺ በምትችዪው ልክ መሆኑን ማንም አልለካልኝም። መልሴን ሰፋ አድርጌ እሰጥሻለሁ፤ ከዚህ እስከዚህ ብዬ። አንድ ቁጥር ብቻ ብሰጥሽ ዋሸሁ።»

አባ ፍልፈል ከመሬት ብቅ አለ። «የኔ አፈር ውስጥስ ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«በለካሁት አፈር ግማሹ በወር ገደማ ይፈርሳል። የለካሁት አፈር ግን ያንተን ያህል ቀይ አይደለም፤ ያንተን ያህልም ዝናብ አያገኝም። ድሬ ከታሰረበት ቅርንጫፍ አያልፍም፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንተ ቆፍረህ መለካት አለብህ።»

እመት ጦጢት ተንጠራራች። «ይህቺ ነገሯ ሁሉ አላውቅም ነው» አለች። «ያልቀመሰች ሒሳበኛ፣ ያልለካች ሚዛን…»

«የማያውቀውን ቆጥሮ የሚያስረክብ ነጋዴ አሳዪኝና አንቺን እሰማለሁ» አላት አይጥ።

ዓሣ በንስር በኩል ጥያቄ ላከ (ለሁለቱም ቀላል መልእክት አልነበረም)። ጉንዳን አሁንም ጥንዚዛዋ ጋ ይደርሳል ወይ አለ፤ ፍሬው ጠንክሮ ሳትገባበት፣ እንስቷ ውጭ ስትዞር ከተረጨ ይደርሳል፤ ከገባች ወዲያ አይደርስም ተባለ። ስለዚህ አበባው ላይ መርጨት ቀረ። የቀረው ፍሬም እንዲለቀም ተወሰነ፤ እመት ጦጢት ጭምር ተመደበችበት፤ ፊቷ ላይ የታየውን ብነግራችሁ ተረቱ ሌላ ይሆናል። ሸረሪት በሦስተኛው ሌሊት ሦስቱንም ክር ጨርሳ አስረከበች፤ የሚወልደው ልጅ ለስላሳ ነው፤ ሰም ውስጥ አያድርም፤ ወንዝ ከመግባቱ በፊት አብዛኛው ይፈርሳል፤ የማላውቀው ይህን ያህል ነው ብላ። ጉሬዛ አባሪውን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ጎሽ ኮቴውን ጭቃ ውስጥ ከተተ።

«ቆይ» አለች እማማ በቅሎ።

አባቷን አትጠይቋት እንጂ በቅሎ ያላየችው መንገድ የለም። ሰሞኑን ከገበያ መልስ ጭነቷ ተራግፎላት ዳር ላይ ስታመሰኳ… በቅሎ አታመሰኳም፤ ሣር ስትግጥ ነበር።

«እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን የኢትዮጵያን ቡና ፈትሻ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘችበት» አለች። «ከዋና ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች፤ መግዛቷን ገታች። ጣት ሁሉ ወደ ገበሬው ዞረ። እንግዲህ ይህን አገር ታውቁታላችሁ፤ የጫካ ቡና ላይ መድኃኒት የሚረጭ ስንት ሰው አለ? ሲጣራ፣ ጥርጣሬው ቡናው ታሽጎ በተላከበት ጆንያ ላይ አረፈ።»

ጎሽ ኮቴውን ከጭቃው አወጣ።

«ሸረሪት ጠርሙሱን መዘነች» አለች በቅሎ። «ዋሽታለች አልልም። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን የት ነው የሚሄደው? የመድኃኒት ጄሪካን መክደኛ አሽትቼ አውቃለሁ፤ መድኃኒት የመጣበት ጄሪካን ታጥቦ ውኃ ሲቀዳበት፣ ዘይት ሲሸጥበት አይቻለሁ። እኔ ጀርባ ላይ ነው የተጫነው። ያረጀ መድኃኒት ማድረጊያ ጠፍቶ በመርከብ እስከ ፊንላንድ ተጭኖ ሄዶ የተቃጠለውስ የማን አገር ነው? አዋጁ ላይ ጠርሙሱ ተመዝግቧል። ጄሪካኑ የት ተመዝግቧል፣ አቶ ጉሬዛ?»

ጉሬዛ ወረቀቱን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ።

«ሸረሪት፣ ይህን ልታሰዪው ትችያለሽ?» አለ ጎሽ። ከዓመት በፊት ቢሆን ይህን አይጠይቅም ነበር።

«ጆንያ ላይ ያለውን ነገር ስሙን ንገሩኝ፤ ከቃጫው ወደ ቡናው ምን ያህል እንደሚሻገር እገምታለሁ» አለች። «ቃጫው የተዘፈዘፈበት ዘይት ካለ ደግሞ ዘይት የሚወድ መርዝ ሁሉ እዚያ ይጠብቃል። ስሙን ግን እኔ ከዚህ ሆኜ አላውቀውም። አንድ ሰው ጆንያውን ማምጣት አለበት።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ወደ እመት ጦጢት ያየው። ያለፈውን ዓመት ጠርሙስ ያወጣችው ከዚያው ቡና ከምትይዝበት ጆንያ ነበር። አሁንም ትከሻዋ ላይ አለ።

«ጆንያሽን አውርጂ» አለ ጎሽ።

«ምን ያደርግላችኋል?» አለች ወደ ኋላ እየተሳበች። «ባዶ ነው።»

«ባዶውን ነው የምንፈልገው» አለች በቅሎ፤ መንገዱንም ዘጋችባት።